ለሚያድግ ልጅ የተተወ እጥፋት

እናቴ ሱሪውን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ከወገቡ እስከ እግሩ ጫፍ ለካችው። አላመነችም፣ ደግማ ለካችው። ከዚያ ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና፣

"ይሄ የልጄ ሱሪ አይደለም" አለች።

"እማዬ..."

"አይደለም አልኩሽ! የእኔ ልጅ ጆሮሽ ጋ ነው የሚደርሰው። ይሄ የረጅም ሰው ሱሪ ነው። የሌላ ሰው ቦርሳ ነው የላኩልን። ማልቀስ ያለባት የዚያ የረጅሙ ልጅ እናት ናት፤ ሄደው እሷን ይፈልጓት።"

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። መንገድ ዳር ቆሜ ተነፈስኩ። ንገሩኝ እስቲ፣ ሰው ወንድሙ ሞቶበት ማልቀስ ይከለከላል? እኔ ተከልክያለሁ። እንባዬ ከታየ እናቴ "በልጄ ላይ አታሟርቺበት!" ብላ ትጮህብኛለች። እስከዚያች ቀን ድረስ ያለቀስኩት ሽንት ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ እናቴን አብዳለች ትላላችሁ። አላበደችም። ብታብድ ኖሮ እኔም አርፌ እቀመጥ ነበር።

ልብስ ሰፊዎች ነን። ሱቃችን ጠባብ ናት፤ የፊት መስታወቷ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ሁለት የስፌት መኪና አለን፣ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ በካውያ ልብስ ትተኩሳለች። አባታችን ወንድሜ ገና ዳዴ ሲል ነው የሞተው። ወንድሜ ደግሞ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ይተክላል፣ የሱሪ እግር በእጁ ይዘመዝማል፣ መንገደኛ ሲያልፍ ደግሞ መርፌውን አፉ ውስጥ ይዞ ወሬ ይጀምራል። ስንቴ ነው "መርፌውን ትውጠዋለህ!" ብዬ የጮህኩበት።

ግራኝ ነበር። ሲዘመዝም ስፌቱ ወደ ግራ ይጋደማል፤ የእኔ ወደ ቀኝ ነው። አንዱን እግር እኔ፣ አንዱን እሱ ከሠራነው ሱሪው ሁለት ቤት የተሰፋ ይመስላል። በዚህ እንደተጨቃጨቅን ነው ያደግነው።

"አስተካክለህ ስፋ!" እለዋለሁ።

"እትዬ፣ ደንበኛው ሱሪውን ገልብጦ ነው እንዴ የሚለብሰው?" ይለኛል።

መልስ አጥቶ አያውቅም። አጭር ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ "ጉርዱ" ነበር የሚለው። "ጨርቅ እየቆጠብኩ ነው" ይላል፣ ይስቃል። ግን ውስጡን ያንገበግበው ነበር፣ እኔ አውቃለሁ። አንዳንዴ ሳላስበው ከኋላዬ መጥቶ ጀርባውን ጀርባዬ ላይ ይለጥፍና "እማዬ፣ ደረስኩባት?" ብሎ ይጣራል። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሳታይ "ልትደርስባት ነው የኔ ጌታ!" ትለዋለች። የት ይደርሳል! ጆሮዬ ጋ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ማንንም ሳያማክር ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሄዶ ተመዘገበ። ዐሥራ ስምንት ከሞላው ገና መሽቶ አልነጋም። ሲነግረን በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ፣ እናቴ መሃል ገባች።

"ሁሉም ሄዶ እኔ እዚህ ቁልፍ ልትከል?" አለኝ።

"አዎ ትከል! ቁልፍ የሚተክል ሰው በዓለም ላይ አያስፈልግም ያለህ ማነው?"

መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክቶ ተነሳ። ሳይቀልድ ሲነሳ ቆርጧል ማለት ነው። እናቴ ደግሞ እንደማልቀስ፣ እንደመለመን፣ "እንግዲህ ልብሱን አምጣና ልክህን እናስተካክል" አትለውም? በዚያን ቀን የተናደድኩባትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄባት አላውቅም።

ከወታደር ቤቱ መጋዘን የሰጡት የመጨረሻውን ትንሽ ቁጥር ነበር፤ ሆኖም ሰፍቶት ዋኘበት። ሁለት ሱሪ ይዞ መጣ፣ ሁለቱም መሬት ይጠርጋሉ። እኔ ልክ ወስጄ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ትርፉን ልቆርጥ መቀሱን ሳነሳ እናቴ ካውያዋን ትታ ወጣች።

"እንዳትቆርጪው! ወደ ውስጥ እጠፊው።"

"ለምን? ዝናብ ሲመታው ይከብደዋል፣ እግሩን ይይዘዋል።"

"ያድጋል።"

"እማዬ፣ ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል። ከዚህ በኋላ ምኑ ነው የሚያድገው?"

"አባቱም ዘግይቶ ነው የተመዘዘው። ትርፉን ተይለት አልኩሽ፣ ተይለት!"

"ወታደር ቤት ነው የሚሄደው ወይስ መዋዕለ ሕፃናት?"

እሱ በካልሲ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ይስቃል። "ተያት እትዬ፣ ጦርነቱ ሃያ ዓመት የሚፈጅ መስሏት ነው" አለ።

እናቴን ክርክር ማን አሸንፏት ያውቃል! ትርፉን በሙሉ ወደ ውስጥ አጠፍኩት። የጨርቁ ጫፍ እንዳይፈታ ዙሪያውን በክር መስፋት ነበረብኝ፤ የወታደር ልብስ መልክ ያለው ክር አልቆብኛል፣ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ነበረኝ። ውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ በሰማያዊ ሰፋሁት። እናቴ አይታ "ኤጭ፣ ምን ያለ አስቀያሚ ነገር ነው!" አለች። ካውያዋን አግላ ተኮሰችው፤ እጥፋቱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። በማግስቱ ሄደ።

እግረኛ ጦር ውስጥ ነው የመደቡት። እግረኛ ማለት ምን እንደሆነ እኔ አሁን ነው የገባኝ፤ ያኔ ሰልፍና ዘፈን ይመስለኝ ነበር። ሥራቸው መቆፈር ነው። ቆፍረው ሲጨርሱ "ተነሱ" ይባላሉ፣ የጥይት ሳጥን ተሸክመው ይሄዳሉ፣ የደረሱበት ሌላ ይቆፍራሉ። መሃል መሃል ላይ ይሞታሉ።

እነሱ ያሉበት ቦታ ስልክ አይሠራም። ኔትወርክ የሚገኘው ሩቅ ካለ ኮረብታ ጫፍ ላይ፣ ራዲዮ የሚይዙት ወታደሮች ያሉበት ነው። አዛዣቸው በሳምንት አንድ ሰው ብቻ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ልጆቹ አንድ ስልክ ለሁሉም አደረጉና ከመካከላቸው አንዱን መረጡ። የአውቶቡስ ረዳት የነበረ ልጅ ነው፤ ማን የት እንደሚወርድ መያዝ የለመደ ስለሆነ የሰማውን አይረሳም። እናቴ ስሙን ጠይቃው አታውቅም፣ "ደዋዩ" ነው የምትለው። አርብ እኩለ ቀን ላይ የእያንዳንዱን መልእክት በቃሉ ይይዝና መንገድ ይጀምራል፤ ኮረብታው ላይ ከራዲዮዎቹ ጋር ያድርና ቅዳሜ ጠዋት የሁሉንም ቤት ተራ በተራ ይደውላል።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ካውያ አትነካም። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

"እማማ፣ እንደምን አደሩ? ጉርዱ ደህና ነው፣ ሰላም ይበሉ ብሏል። ጉልበትዎ እንዴት ነው ይላል፣ ብርድ ላይ እንዳይቀመጡ። ለእህቱ ደግሞ፣ እህ... 'ቁልፍ የሚተክልልሽ ሰው አገኘሽ ወይስ ደንበኞችሽ ደረታቸውን ከፍተው ነው የሚሄዱት?' ብሏል። እኔ አይደለሁም ያልኩት እህቴ፣ እሱ ነው!"

እንደዚህ ነበር። እዚያም ልብስ ይሰፋል አሉ። ልብሱ የተቀደደበት ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ አዛዡ ራሱ ኮቱን አስጠግኗል። አንዳንድ ቅዳሜ ግን የደዋዩ ድምፅ ዝቅ ይላል። "ሥራ በዝቶብን ነበር እማማ፣ ግን ደህና ነው" ይላል። እናቴ "ሥራ ጥሩ ነው" ትላለች፤ እኔ ከስልኩ ማዶ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ይገባኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ራሱ የደወለው። ደዋዩ ስልኩን፣ እሱ ደግሞ ለራዲዮዎቹ የሚደርስ ዕቃ ተሸክመው አብረው ወጡ። ለእናቴ ስለ ካውያው፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤት ሁሉ ጠየቃት። ከዚያ "እትዬን አቅርቢልኝ" አለ። ስልኩን ይዤ ወደ በር ወጣሁ።

"እትዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ። እፈራለሁ" አለኝ።

እኔ ደግሞ ደግ ቃል አፌ ላይ አይመጣልኝም። "ፍራ!" አልኩት። "ማነው አትፍራ ያለህ? ፈርተህ ጎንበስ በል! ጀግና ሆነህ ትመጣና ታያለህ፣ እኔ ነኝ የምገድልህ!"

ሳቀ። ሳቁን ስሰማ የመጨረሻዬ ያ ነው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደዋዩ ደስ ብሎት ነበር። "በቅርቡ ፈቃድ ይሰጠዋል እማማ። ስመጣ በሩ ላይ ቆማችሁ ጠብቁኝ ብሏል። ሌላም ነገር አለ፣ ግን እንዳትናገር ተብያለሁ" ብሎ ሳቀ። እናቴ ቀኑን ሙሉ "ምን ይሆን የደበቀን? ማዕረግ ሰጥተውት ይሆን?" ስትል ዋለች።

ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰዎች ወደ ሱቁ ገቡ። እናቴ ደንበኞች መስለዋት "ኮት ነው ሱሪ?" አለቻቸው። አንደኛው፣ ትልቁ ሰውዬ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ኮፍያው ከራሱ ሲነሳ ምን ሊል እንደመጣ አውቄዋለሁ።

"እናቴ፣ ይቀመጡ እስቲ" አላት።

"ደህና ነኝ፣ ይናገሩ።"

"ልጅዎ ባለፈው አርብ ግዳጅ ላይ እያለ ተሰውቷል። እዚያው ከጓዶቹ ጋር ተቀብሯል።"

"መቼ አሉኝ?"

"አርብ፣ ማታ ላይ።"

እናቴ ፊቷ በራ። እውነቴን ነው፣ በራ! "አይ! እንግዲያው ተሳስታችኋል" አለች። "ቅዳሜ ጠዋት እኮ ደውለው ደህና ነው ብለውኛል። ይቺ ልጄ ሰምታለች። አርብ የሞተ ሰው ቅዳሜ ሰላም በሉልኝ ይላል?"

ሰውዬው እኔን አየኝ። እኔም ለአፍታ ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። ከዚያ ደዋዩ አርብ እኩለ ቀን እንደሚነሳ ትዝ አለኝ። እሱ ከሄደ በኋላ የሆነውን ከየት ያውቃል? የያዘው የእኩለ ቀኑን ወሬ ነው። ይሄን ለእናቴ ስንት መንገድ አድርጌ አስረዳኋት! በጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሣልኩላት፣ ይሄ አርብ፣ ይሄ ቅዳሜ፣ ይሄ ኮረብታው። "ጠረጴዛውን አታቆሽሺ" አለችኝና በጨርቅ ወልውላ አጠፋችው።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ጎረቤቶች ከበር መለሰቻቸው። "ምን ሆናችሁ? ሰው አልሞተም፣ ወደየቤታችሁ!" ትላቸዋለች። እነሱም ግራ ገብቷቸው ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጄን ጨብጠው ሹክ ይሉኛል። ወንድሜን የሰረቅኩት ነገር ይመስል ሹክ! ለራሴ ከመደርደሪያው ላይ ጥቁር ጨርቅ አውርጄ ቀሚስ ቆረጥኩ። በማግስቱ ስመጣ የለም። እናቴ ለደንበኛ የኮት ገበር አድርጋዋለች።

"እማዬ፣ የቆረጥኩት ቀሚስ ነበር እኮ!"

"ገበር ያምርበታል።"

እሷን ይዤ የጦሩ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄድኩ፣ በቃ አንድ ሰው በግልጽ ይንገራትና ትመን ብዬ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት አመላለሱን። በመጨረሻ አንዲት የደከማት ሴት መዝገቡን አይታ "አዎ፣ እዚህ አለ" አለች። እናቴ የቅዳሜውን ስልክ ነገረቻት። ሴትየዋ ምን አለች መሰላችሁ? "እንግዲህ ስህተት አይጠፋም እናቴ፣ እናጣራለን።"

አይ አንቺ ሴትዮ! ለአንቺ ሰው ከመስኮትሽ ማባረሪያ ነው፣ ለእናቴ ግን ስንቅ ሆናት። ከዚያች ቀን በኋላ "ስህተት አይጠፋም ብላለች፣ መንግሥት ራሱ ያለው ነው" ሆነ መልሷ። ደዋዩም ቅዳሜ አልደወለም። ስልኩ ዝግ ነው። "ባትሪ አልቆባቸው ነው" አለች እናቴ።

እና ቦርሳው መጣ። ውስጡ ማንም ወታደር የሚኖረው ነገር ነው፤ ፎጣ፣ ማንኪያ፣ የውሃ ዕቃ፣ ትርፍ ሸሚዝና ያ ሁለተኛው ሱሪ። ፎቶ የለ፣ ምልክት የለ፤ የራሱ የሆነው ነገር ሁሉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አብሮት ተቀብሯል። እናቴ ሱሪውን ለካችው፣ ረዘመባት፤ የሌላ ሰው ነው አለች። እዚህ ድረስ ነግሬያችኋለሁ።

ቀጥሎ ያደረገችው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ወደ ግንባር ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር ደንበኛችን ነው። ሄዳ ለምናዋለች። ሰኞ ጠዋት ሊጭናት ተስማሙ።

"የት ነው የምትሄጂው?"

"ልጄን ላየው። ቦርሳውም ለባለቤቱ ይመለስ።"

"ጉልበትሽ እስከ ዳቦ ቤት አያደርስሽም!"

"መኪና ነው የሚያደርሰኝ፣ ጉልበቴ ምን አገባው።"

ሾፌሩ ጋ ሮጥኩ። ጮህኩበት። እሱ ደግሞ ራሱን እያከከ "እህቴ፣ አይሆንም ብላቸው ነገ በእግራቸው ይጀምሩታል። እዚያ ድረስ እንኳን እሳቸው እኛም ስንመለስ ተአምር ነው። አሳምኚያቸው፣ እኔ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም" አለኝ። አንጀት የለውም! አንጀት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ተመልሼ ሱቅ ገባሁ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ የመንገድ ልብስ ትተኩሳለች። ሱሪው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነው። ንዴቴ አልበረደም፣ ላጣጥፈው ብዬ አንዱን እግር ገለበጥኩት።

ስፌቱ ወደ ግራ ተጋድሟል።

ቁጭ አልኩ። የእኔን እጥፋት ፈትቶ፣ ወደ ታች ለቆ፣ በእጁ ደግሞ ዘምዝሞታል። ጫፉን እንዳስተማርኩት ሁለቴ አጥፎታል፤ የእኔ ሰማያዊ ክር በውስጡ ተሸፍኗል። እንዴት አድርጎ አስተካክሎ ሰፍቶታል! እኔ ስጮህበት አንድ ቀን እንዲህ አልሰፋም። እያንዳንዱ ስፌት እኩል፣ እየተከታተለ፣ ግን ሁሉም ወደ ግራ። ጣቴን በላዩ ላይ አመላለስኩ። ሸሚዜን ነክሼ ነው ድምፄን የያዝኩት።

ያኔ ልጠራት እችል ነበር። ግን ዓይኗ ደክሟል፣ የስፌት መጋደም አይታያትም፤ ቢታያትም "ግራኝ እሱ ብቻ ነው እንዴ?" ትለኛለች። ልትክደው የማትችለው ነገር ያ ሰማያዊ ክር ነው። እሱን ለማሳየት ደግሞ የወንድሜን ስፌት መተርተር አለብኝ። ከእሱ እጅ የቀረኝ ይሄው ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም። አላደረግኩትም።

እሑድ ጠዋት እናቴ ለመንገድ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም፣ ድምፁን ግን አወቅኩት።

"እህቴ... እኔ ነኝ። ሆስፒታል ነኝ፣ እግሬን ተመትቼ ነው። የሰው ስልክ ነው።"

"የት ነበርክ?" ብዬ ጮህኩበት። የተመታ ልጅ ላይ ጮህኩ፤ ምን ላድርግ፣ እንደዚያ ነኝ። "ደህና ነው ብለኸን!"

"ደህና ነበር እኮ። ስሄድ ደህና ነበር። ሱሪ እየሰፋ ነው የተለየሁት።" አለቀሰ። ቅዳሜ ማታ ተመልሶ እንደደረሰ ነው የነገሩት። አርብ ማታ ላይ ተኩስ ተከፍቶ፣ ወንድሜ የጥይት ሳጥን ይዞ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲሮጥ ከባድ መሣሪያ አገኘው።

"አልተሰቃየም" አለኝ።

"በምን አወቅክ? አልነበርክም።"

"እውነትሽን ነው። አላውቅም። እንደዚያ በሉ ስለሚሉን ነው።"

ይሄን ሲለኝ ንዴቴ ጥሎኝ ሄደ። እሱም ልጅ ነው፣ ወንድሜን ቢበልጠው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ነው። ለእናቴ ንገርልኝ አልኩት። "አልችልም እህቴ፣ ደህና ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ በየትኛው አፌ?" አለ። አላስገደድኩትም። ስለ ሱሪው ብቻ ጠየቅኩት።

"እሱ ነው ምስጢሩ" አለ። "አንድ ቀን ሱሪው ቁርጭምጭሚቱን አጋልጦ አየነውና ሳቅንበት። እሱ ጨርቁ የተኮማተረ መስሎት ተናደደ። ከዚያ ከአንዱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ሲቆም አድጓል! እንዴት እንደዘለለ ብታዪው። አንዱን ሱሪ ያኔውኑ አስረዘመው፣ ሁለተኛውን አርብ ስሄድ እየጨረሰ ነበር። 'እንዳትነግራቸው፣ በር ላይ ቆመው በዓይናቸው ይዩኝ' አለኝ።"

እናቴ ዳቦዋን ይዛ ስትመለስ ስልኩን ዘግቼ ምላጭ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም፣ ያልተተኮሰ ልብስ አለኝ።"

"የልጅሽን ሱሪ ጫፍ በምን ክር ነው የሰፋሁት?"

"በሰማያዊ። አስቀያሚ ነው ብዬሽ ነበር።"

"እዚህ ውስጥ ሰማያዊ ክር ካለስ?"

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "የለም።"

"ካለስ?"

"የለም አልኩሽ! ይኼው ፍቺውና አሳዪኝ! ካለማ... ፍቺው!"

ምላጩን አስገባሁ። ስንት ሺህ ስፌት የተረተርኩበት እጅ ነው፣ የሰው ሱሪ እያወራሁ የምፈታ፣ ያን አንድ ክር መቁረጥ አቃተኝ። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። አገጯን ቀጥ አድርጋ ቆማለች። ቆረጥኩት። ቀጥሎ ያለውን ቆረጥኩት። ሦስተኛውን ስቆርጥ እጥፋቱ አፉን ከፈተና ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ታየች።

አራተኛው ላይ ምላጩን ሳሳርፍ የእናቴ እጅ እጄ ላይ ወደቀ። እንዲህ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም፤ ምላጩ አውራ ጣቴን በጣው።

"ተይ" አለች።

"አሳዪኝ አላልሽም?"

"ተይ አልኩሽ! የልጄን ስፌት አትተርትሪው።"

ሱሪውን ከእጄ ወሰደችና ወደ መስታወቱ፣ ወደ ብርሃኑ ይዛው ሄደች። በአውራ ጣቷ ስፌቱን እየዳበሰች ዙሪያውን ዞረችው። መንገደኛ ያልፋል፣ አንዱ በመስታወቱ ሰላም አላት፣ አላየችውም።

"ስንት ለቀቀው?" አለችኝ ሳትዞር።

"ሦስት ጣት።"

መጣች። ክንዴን ይዛ አስነሳችኝና ከፊቷ አቆመችኝ። እጇን ጆሮዬ ላይ አደረገች፣ ድሮ እሱ የሚደርስበት ላይ። ከዚያ በላዩ ሦስት ጣቷን ደረደረች።

"እዚህ ደርሶ ነበር?"

"አዎ እማዬ፣ እዚህ።"

እጇን ከራሴ ላይ አላነሳችም። "ያድጋል ብዬሽ አልነበር?" አለች። "እኔ ሳላየው... ልጄ አድጎ፣ እኔ ሳላየው!"

ድምፅዋ ሱቁን ሞልቶ ወደ መንገድ ወጣ። እኔም የያዝኩትን ሁሉ ለቀቅኩት፣ ማንም አልከለከለኝም። ከበር የመለሰቻቸው ጎረቤቶች አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ።